ውቅያኖስ ላይ ቀኑ እንዴት ይውላል?



ባለፈው ረመዷን መግቢያ ላይ አንድ የዶርም ጓደኛዬ «ስንመረቅ ባሕር ዳር ሄደን ለመርከብ መሐንዲስነት እንመዝገብ» አለኝ። ሁለታችንም ሜካኒካል ነን። እሱ ዘንድሮ ይመረቃል፣ እኔ አንድ ዓመት ይቀረኛል። ቅዳሜ ጀሞ ቤት ስሄድ ነገሩን ለእናቴ አነሳሁላት። ደመወዙ ስንት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ቡናውን እየቀዳች «ልጄ፣ እዚያ ባሕር ላይ ቂብላው በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በእኛ ቤት ቂብላ ወደ እንጦጦ በኩል ነው። መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ስለምትገኝ፣ በደቡብ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ተራራውን ካየ አቅጣጫ አይጠፋውም። ባሕር ላይ ግን እንጦጦ የለም። ጥያቄዋ ብዙ ሌላ ጥያቄ አስከተለ፦ መቼ ይተኛል? ምን ይበላል? ውሃውስ ከየት ይመጣል? ከጀመዓችን ተመርቆ አሁን በጭነት መርከብ ላይ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ለእረፍት ሲመጣ ይዤው ዋልኩ፤ ያነበብኩትንም ጨመርኩበት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው።

ባሕር የሌለው አገር መርከበኞች

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ አብዛኛው ገቢና ወጪ ዕቃችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። መርከብ ግን አላጣንም። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ፣ በ2011 ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ የዛሬው የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ሆኗል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም አካዳሚ ደግሞ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂዎችን ተቀብሎ ለመርከብ መሐንዲስነት ያሠለጥናል። ከዚያ የወጡ ብዙ ልጆች በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ካለ ሐይቅ ዳር ተነስቶ ውቅያኖስ መግባት መሆኑ ነው።

2፣ 6 እና 10 ሰዓት

አንድ የጭነት መርከብ ላይ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሰው ይሠራል። መርከቡ በመንገድ ላይ ሳለ አይቆምም፤ ስለዚህ ሥራው በፈረቃ ይከፈላል። የተለመደው ክፍፍል 4 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት እረፍት፣ እንደገና 4 ሰዓት ሥራ ነው። የመርከብ ሰዓት ከ0 እስከ 24 ይቆጠራል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ለመያዝ ይቀላል። ቀንም ሆነ ሌሊት ፈረቃ የሚቀየረው በ2፣ በ6 እና በ10 ሰዓት ነው። በሞተር ክፍል በተለመደው አሠራር ከ2 እስከ 6 ያለው የአራተኛው መሐንዲስ ነው፣ ከ6 እስከ 10 የሦስተኛው፣ ከ10 እስከ 2 የሁለተኛው። በአዳዲስ መርከቦች ሌሊት የሞተሩን ክፍል ሰው አይጠብቀውም፤ ችግር ሲኖር ማንቂያው በተረኛው መሐንዲስ መኝታ ክፍል ይጮኻል። ወንድማችን «ዶርም ውስጥ የ3 ሰው ስልክ ባንድ ላይ ሲጮህ የማልነቃ ሰው፣ አሁን የማንቂያው የመጀመሪያ ድምፅ ሳያልቅ ጫማዬን አድርጌያለሁ» አለኝ።

ተረኛው ሲገባ መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞራል። የዘይት ግፊት፣ የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት፣ የጭስ ማውጫ ሙቀት በየሲሊንደሩ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ያልተለመደ ድምፅ ወይም ሽታ ይፈትሻል። የትልቅ መርከብ ዋና ሞተር በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ብቻ የሚዞር ባለ ሁለት ምት ናፍጣ ሞተር ነው፤ ያለ ማርሽ በቀጥታ ከማሽከርከሪያው ጋር ይያያዛል። በክፍላችን በሰሌዳ ላይ የሳልነው ሞተር እዚያ የፎቅ ቤት ያህል ቁመት አለው። ሙቅ ባሕር ላይ የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያለ ጆሮ መከላከያ አይገባም፤ ሰው የሚነጋገረው በእጅ ምልክት ነው።

እረፍቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10፣ በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ያዛል። እረፍቱ ግን አንድ ላይ አይመጣም። ልብስ ማጠብ፣ መብላት፣ ለቤት መደወል፣ መተኛት ሁሉም በ8 ሰዓት ቁራሽ ውስጥ ይገባል።

ሌላው የሚያስገርመው ሰዓቱ ራሱ መሄዱ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በ15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ በቀን 360 ኖቲካል ማይል ይጓዛል፤ ይህ 6 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ካልነካነው ፀሐይ በየቀኑ 24 ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች፣ 24 ደቂቃ ቀድማ ትገባለች። መርከቡም በየ2 ቀን ተኩሉ ገደማ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጋል። ባለፈው ሳምንት በስልካችን ያወረድነው የሶላት ሰሌዳ ባሕር ላይ በማግስቱ ስህተት ነው።

በትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ

ይህ ሥርዓት ለምን እንዲህ እንደተሠራ የገባኝ ትልቁን ሞተርና 20ውን ሰው አንስቼ ሳስበው ነው። ዛሬም ሰዎች 12 ሜትር በምትሆን የሸራ ጀልባ፣ 2 ወይም 3 ሆነው ውቅያኖስ ይሻገራሉ። የታወቀው መንገድ ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን የሚወስደው ነው፤ ወደ 2,700 ኖቲካል ማይል ይሆናል። ነፋሱ በዚያ በኩል አመቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋል። ጀልባዋ በአማካይ 6 ኖት ብትሄድ በቀን 144 ማይል ትጓዛለች፤ ስለዚህ 19 ቀን ያህል ምድር አይታይም።

ለምን አትፈጥንም? ጀልባ ውሃውን እየገፋች ስትሄድ የራሷን ሞገድ ትፈጥራለች። ፍጥነቷ ሲጨምር ሞገዱ ይረዝማል፤ ርዝመቱ ከጀልባዋ ርዝመት ጋር ሲስተካከል ሽቅብ እንደምትወጣ ያህል ይከብዳታል። በግምት ወሰኑ በኖት 2.43 ሲባዛ በውሃ ላይ ያለው ርዝመት በሜትር ካሬ ሥር ነው። ለ11 ሜትር 8 ኖት ይሆናል። ነፋስ ቢጨምርም ከዚያ ብዙም አታልፍም፤ ስለዚህ ሸራውን ቀድሞ ማሳነስ እንጂ መወጠር አይጠቅምም። ልምድ ያላቸው መርከበኞች ነፋሱ ደህና ቢመስልም ከመምሸቱ በፊት ሸራ ያሳንሳሉ፤ በጨለማ ተነስቶ ያንን መሥራት አደጋ ስላለው።

እዚያም ፈረቃ አለ። 3 ሰው ከሆኑ አንዱ 3 ሰዓት ነቅቶ 6 ሰዓት ያርፋል። መሪውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ራሱን በነፋስ ወይም በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። የተረኛው ሥራ አድማሱን ዙሪያውን ማየት፣ ሸራውንና ኮምፓሱን መከታተል፣ በየሰዓቱ ቦታቸውን በመዝገብ መጻፍ ነው። ጀልባዋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን አድማሱ ያለው 3 ማይል ገደማ ላይ ብቻ ነው። የትልቅ መርከብ የላይኛው ክፍል ከዚያ ማዶ ቀድሞ ቢታይም፣ ሁለቱ ፊት ለፊት እየተገናኙ ከሆነ ብቅ ካለበት ጊዜ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው ያለው። ለዚህ ነው ተረኛው «ትንሽ ላሸልብ» የማይለው። የሌሎቹ እንቅልፍ በእሱ ዓይን ላይ ያለ አማና ነው።

ሌሊት ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ራሱን በገመድ ከጀልባዋ ጋር ያስራል። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፤ 6 ኖት በሰከንድ 3 ሜትር ነው። ሰው ቢወድቅ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 180 ሜትር ርቆ ይቀራል፤ በሞገድ መካከል የሰው ራስ ከዚያ ርቀት አይታይም።

የቀረው ቀን ተራ የቤት ሥራ ነው፣ ነገር ግን ቤቱ ይወዛወዛል። ምድጃው ከግራና ከቀኝ በምሰሶ ተንጠልጥሎ ጀልባዋ ስታዘነብል እሱ ቀጥ ይላል፤ ድስት ግማሽ ብቻ ይሞላል። የሚተኛ ሰው እንዳይወድቅ በአልጋው ጠርዝ ሸራ ይወጠርለታል። የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ቀናት ብዙ ሰው ያቅለሸልሸዋል፤ ከዚያ ሰውነት ይለምዳል። ቲማቲሙና ሙዙ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃል፤ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ሩዝና ምስር ይቀራል።

በሸራ መሻገር ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከሹዐይባ ወደብ በሁለት የነጋዴ መርከቦች በግማሽ ዲናር ተሳፍረው ቀይ ባሕርን ወደ ሐበሻ እንደተሻገሩ የሲራ መጻሕፍት ይነግሩናል። ነጃሺ ዘንድ ከቆዩት የመጨረሻዎቹ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲመለሱ «የመርከቧ ሰዎች» ተብለው ታወቁ። በመድረሳ «መውሲም» ማለት ወቅት እንደሆነ ተምረናል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሕንድ ውቅያኖስን የወቅት ነፋስ የሚጠራበት «ሞንሱን» የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ቃል ነው፤ የዐረብ ነጋዴዎች በአንዱ ወቅት ሄደው በሌላው ስለሚመለሱ።

ውሃ፦ በዙሪያው ሞልቶ የሚቆጠር

የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የጠጣው ሰው የበለጠ ይጠማል። ትልቁ መርከብ መላው አለው። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ 80 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ሙቀት የባሕር ውሃን በተለመደው ግፊት ማፍላት አይችልም። ስለዚህ ማጣሪያው ውስጥ አየሩ ተስቦ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ቀዝቅዞ ንጹሕ ውሃ ይሆናል። ይህን እኛ በኩሽና እናውቀዋለን፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ባቄላም ለመብሰል የሚዘገየው ለዚህ ነው። መርከቡ ያንኑ ሕግ አክርሮ ይጠቀምበታል፤ ያለዚያ ወደ ባሕር የሚጣል ሙቀት የ20 ሰው ውሃ ይሆናል።

ትንሿ ጀልባ ውሃዋን ይዛ ትሄዳለች። 3 ሰው በቀን 3 ሊትር ቢወስድ ለ19 ቀን 171 ሊትር ያስፈልጋል፤ ለጥንቃቄ የ30 ቀን ሲያዝ 270 ሊትር። አንዳንዶች በ55 ባር ገደማ ግፊት የባሕር ውሃን የሚያጣራ ማሽን አላቸው፤ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከሶላርና ከባትሪ ስለሚመጣ እሱም ይቆጠራል። ሳህን የሚታጠበው በባሕር ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ውዱእ አሰብኩ። በጣም ቆጥበን በአንድ ሙድ፣ 0.7 ሊትር ያህል ብንይዘው፣ ለ5 ወቅት 3 ሊትር ተኩል ይሆናል፤ ሰውየው ከሚጠጣው ይበልጣል። ይህ ስሌት አዲስ አይደለም። ትንሽ ውሃ ይዘው ባሕር የሚሳፈሩ ሰዎች ይህንኑ ጭንቀት ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቅርበው፣ የባሕር ውሃ ራሱ አጥሪ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ በባልዲ ቀድቶ ውዱእ ማድረግ ይበቃል፤ የመጠጡ ውሃ አይነካም።

ወደ እናቴ ጥያቄ

ቂብላን ለማግኘት ሁለት ነገር ይበቃል፦ ያለንበት ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ እና የመካ። ጂፒኤስ የመጀመሪያውን ይሰጣል፣ የቀረው ትሪጎኖሜትሪ ነው። ከኮሎምቦ ደጃፍ ቂብላ 295 ዲግሪ ነው፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ሆኖ ትንሽ ወደ ሰሜን። ከጅቡቲ 342 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ሰሜን የቀረበ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀይ ባሕር ነው። ከባብ ኤል መንደብ እስከ ሱዌዝ 1,200 ማይል ያህል ነው፤ በ15 ኖት 3 ቀን ተኩል ገደማ። መርከቡ ሲገባ ቂብላ ከፊት ለፊት በስተሰሜን ነው። ጅዳ አጠገብ ሲደርስ በቀኝ በኩል ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ሱዌዝ ሲቃረብ ወደ ኋላ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሯል። ወንድማችን በመኝታው ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ቀስት የለም፤ በየሶላቱ ከመርከቡ ኮምፓስ ያያል።

ጀልባ ቢወዛወዝ፣ መቆም የሚችል ቆሞ፣ መውደቅ የሚፈራ ተቀምጦ ይሰግዳል። መንገደኛ ስለሆነ ቀስርና ጀምዕ ይገባዋል፤ ጁሙዓም ግዴታ አይሆንበትም። ሥራው ሁልጊዜ ባሕር ላይ የሆነ ሰው ዝርዝር ሑክም ግን በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ያለበት ስለሆነ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። ፈረቃው ከ10 እስከ 2 የሆነ ሰው ሱብሒና መግሪብ ሥራ ላይ ይደርሱበታል። ወንድማችን አብሮት ላለው ፊሊፒናዊ አስቀድሞ ነግሮት፣ መለኪያዎቹን አይቶ፣ በመቆጣጠሪያው ክፍል ጥግ ለ5 ደቂቃ ይሰግዳል። «ሞተሩ እስካልጠራኝ ድረስ ማንም ከልክሎኝ አያውቅም፤ ከጠራኝ ግን አቋርጬ እሄዳለሁ፣ የ20 ሰው ነፍስ ነውና» አለኝ።

ምግቡም ያሳስባል፤ ኩሽናው የጋራ ነው። ያንኑ የ2006ቱን ስምምነት ሳነብ፣ ምግብ ለመርከበኛው በነጻ እንደሚሰጥና የሃይማኖት ፍላጎቱም ግምት ውስጥ እንደሚገባ አገኘሁ። ይህ ማለት ግን ሁሉም መርከብ ላይ ሐላል ሥጋ አለ ማለት አይደለም። ወንድማችን ወራት በአሣ፣ በእንቁላልና በአትክልት ያሳልፋል፤ ለብቻው የያዘው መጥበሻም አለው።

ለመመዝገብ ለምታስቡ

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ውሉ ስንት ወር ነው? በስምምነቱ አንድ መርከበኛ ሳይመለስ ከ12 ወር በታች ብቻ ነው የሚቆየው። ኢንተርኔት በወር ስንት ይሰጣል? መርከቡ በየትኛው መስመር ይሄዳል? ሥራ አስገኝልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ፤ ስምምነቱ መርከበኛን ለመቀጠር ክፍያ ማስከፈልን ይከለክላል። ከፓስፖርት፣ ከሕክምና ምርመራና ከመርከበኛ ደብተር ወጪ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም። አንድ የማውቀው ልጅ ለእንዲህ ያለ ደላላ የአባቱን የበሬ ገንዘብ ከፍሎ እስካሁን ስልኩ አይነሳለትም።

ናፍቆቱንም አስቡበት። የክፍለ ከተማችን ስም «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ መልእክት የሚጠራበት የድሮ አማርኛ ነው። ያ ፈጠራ ከማንም በፊት የጠቀመው መርከበኛን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ700 በላይ ሰው የተረፈው የራዲዮ ጥሪ ሰምታ በደረሰችው ካርፓቲያ ነው። ዛሬ በሳተላይት ድምፅ ይሰማል፣ ፎቶ ይላካል። ወንድማችን ግን የእህቱን ኒካሕ በሞተር ክፍል ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ በሚቆራረጥ ቪዲዮ ነው ያየው። ይህን ሲነግረኝ ወደ ሌላ ወሬ ቶሎ ዞረ።

ባለፈው ቅዳሜ ለእናቴ መልሱን ይዤላት ሄድኩ። ብርቱካን ላይ መካን፣ ጅቡቲንና ኮሎምቦን በእስክሪቢቶ ምልክት አድርጌ ቂብላው እንዴት እንደሚዞር አሳየኋት። አይታ «ማሻአላህ» አለች። ቀጥላ «ሲያምህስ ማን ያይሃል?» አለችኝ። የጭነት መርከብ ላይ ብዙ ጊዜ ሐኪም እንደሌለ፣ የሠለጠነ መኮንን መድኃኒት እንደሚሰጥና ከየብስ ሐኪም በራዲዮ እንደሚያማክረው ነገርኳት። ዝም አለች፤ ብርቱካኑን ላጠችና ግማሹን ሰጠችኝ።

ጓደኛዬ ሰነዱን አዘጋጅቷል። እኔ አንድ ዓመት አለኝ። እናንተም ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ባሕር ላይ የሠራ ሰው ካላችሁ፣ የጠየቃችሁትን ወደ ዝግጅት ክፍላችን አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን ኢንሻአላህ። ወሰላሙ ዐለይኩም።